ድልድዩ ላይ የምትቆምበት ቦታ

ጀማልዬ፣ አላህ በማረፊያህ ይዘንልህ። ካጣሁህ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ባሮ ሞልቷል።

ሱቁን አልዘጋሁትም። ታላቅ ወንድምህ ሐሰን የአቦቦውን ንግድ ትቶ አብሮኝ ይሠራል። ልጃችን ሰሚራ ኢታንግ ማስተማር ጀምራለች። ዓርብ ዓርብ ስትመጣ፣ በር ላይ እንዳንተ ጉሮሮዋን ጠርጋ ነው የምትገባው።

ትዝ ይልሃል፣ አመሻሽ ላይ ሱቅ ዘግተን ስንመለስ ድልድዩ መሃል ትቆም ነበር። ብረቱን ይዘህ ቁልቁል እያየህ ውሃው ጨመረ ትለኛለህ። በበጋም ጨመረ ትለኛለህ። እኔም ባሌ ወንዝ ይወዳል እያልኩ ለጎረቤት አወራ ነበር። ትንሽ ቆይተህ የፊትህ ወዝ ይመለስና መንገዳችንን እንቀጥላለን። ደረቴን ተጫነኝ ያልከኝ ጊዜ ጨጓራ ነው ብለን አብሽ በጠበጥን። ሌላ ቀን ብርድ መታኝ አልክ። በጋምቤላ ሙቀት ብርድ ከየት መጣ ብዬ ሳቅሁብህ፤ አንተም ሳቅህ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሸሚዝህ በላብ ርሶ ነበር። እዚህ አገር በላብ ማን ይደነግጣል? ግራ ክንድህን ሲያምህም ጆንያ ስላነሳህ መስሎን ነበር። አረፍ ልበል ብለህ ተቀመጥክ። ተቀምጠህም አልለቀቀህም። ሆስፒታል ስንደርስ ረፍዶ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ጎረቤታችን ነርሷ አሪየት፣ ሲሄድ ደረቱን እየያዘው ሲቆም ይተወው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ድልድዩ ታየኝ። ልብ ደም ሲያንሰው እንዲህ ነው አለችኝ። አንተን አልወቅስህም፤ ራሴንም አልወቅስም። አናውቅም ነበር።

በጥር ግን ሐሰን እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ያንኑ ብረት ያዘ። ምነው ስለው ውሃውን ልይ ብዬ ነው አለኝ። ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ይታይ ነበር፤ ሐሰን ደግሞ ዓይኑን ጨፍኗል።

በማግስቱ አሪየትን ሱቅ ድረስ ጠራኋት። ሐሰን ተከራከራት፤ ቆም ሲሉ የሚተው ነገር ምን በሽታ ይባላል አለ። አሪየት ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምትለው።

«ስትቆም የሚተውህ ሕመም፣ ስትሄድ ይጠብቅሃል» አለችው።

ዛሬውኑ ተመርመር አለችው። ሌላ ጊዜ ይዞህ ቁጭ ብለህም ካልለቀቀህ፣ ወይ ላብ ካጠመቀህ፣ ወይ ወደ ክንድህና ወደ መንጋጋህ ከሄደ፣ ይተወኛል ብለህ አትጠብቅ፤ ሆስፒታልም በእግርህ አትምጣ አለችው። እሱም እንደኛ ጨጓራ ነው ይላል። ባጃጅ አስቆምኩ።

«ጋሼ ሐሰን፣ አንድ ለቅሶ ይበቃኛል» አልኩት።

ባጃጁ ላይ ወጣ።

ልቡ ነበር። ጅማ ተልኮ ታክሞ ተመለሰ። ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት ኪኒን ከኪሱ አትለይም። ጆንያ አታንሳ ስለው ብቻ ያኮርፋል።

ትናንት ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆመ። እጁን አየሁ። ብረቱን አልያዘም።

«ውሃውን ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

አጠገቡ ቆምኩ። ባሮ ደፍርሶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ምናልባት አንተም አንዳንድ ቀን እውነትህን ነበር፤ ውሃውን እያየህ ነበር። እንደዚያ ብዬ አስባለሁ።

ቦታህን አልረሳውም ጀማልዬ። እዚያ የቆመ ሰው ባየሁ ቁጥር፣ ብረቱን አጥብቆ ከያዘ፣ ሳልጠይቀው አላልፍም።