በገበያ ቀን ማን ይከፍተዋል?

የካቲት 20፣ 2006

ፕሪንተር ስከፍት ዋልኩ። የሒሳብ ክፍሉ ወረቀት እየያዘ፣ የግዢው ቀለም ጨርሶ። የተቀጠርኩት ሲስተም አናሊስት ተብዬ ነው። እዚህ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ግን "የኮምፒውተሯ ሴትዮ" ነኝ። ይሁን... ቢያንስ ይፈልጉኛል።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ታዲዮስ አስጠሩኝ። "ተቀመጪ የብርጓል" አሉ። ተቀመጪ ካሉ ደግ ነገር የለም። የማዳበሪያ ማከፋፈያው ሲስተም ነው። ሦስት ዓመት የለፋሁበት። ገበሬው ቁይና ጉንደ ወይን ካሉት መጋዘኖቻችን ማዳበሪያ ሲወስድ እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንዲመዘገብ ነበር የሠራሁት። ሠራተኞቹ ግን ቀን በወረቀት ይጽፋሉ፤ ገበያው ሲበተን ወደ ኮምፒውተር ይገለብጡታል።

"ድርብ ሥራ ሆነ" አሉ። "ግንቦት ላይ ማከፋፈል ስንጀምር እንዲሁ ከሆነ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን። አንቺ ጥገናውን ትይዣለሽ።"

ጥገናው ማለት ፕሪንተሩ ነው።

ሠራተኞቹ ሰነፎች ናቸው? ሦስት ጊዜ አሠልጥኛቸዋለሁ...

የካቲት 24

ባሕር ዳር የሙያችን ጉባኤ አለ። ጥቅምት ላይ ስለ ማዳበሪያው ሲስተም ጽሑፍ ልኬ ነበር፤ ተቀብለውታል። "ዘመናዊ የግብዓት ሥርጭት በምሥራቅ ጎጃም" ብዬው ነበር። ዛሬ ርእሱን ሳነበው አፈርኩ። ልቅር?

አቶ ታዲዮስ ፈቀዱ። "ሂጂ። ሰው ሲናገር ሰምተሽ ትመለሻለሽ፣ ምን ይጎዳል" አሉ።

መጋቢት 11

ባሕር ዳር ገባሁ። ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ዶሮ ያረባል። እስከ እንጅባራ ስለ ዶሮ፣ ከእንጅባራ እስከ ዱርቤቴ ስለ ዶሮ መኖ። ደግሞ ወሬ ይጣፍጥለታል። መንገዱ አልታወቀኝም። ለምን እንደሚሄድ አልጠየቅሁት፣ እሱም አልጠየቀኝ።

መጋቢት 12

ለመመዝገብ ስሰለፍ ከፊቴ የዶሮው ሰውዬ። ደረቱ ላይ የለጠፉለት፦ ዘመንፈስቅዱስ፣ ሲስተም አናሊስት፣ ደብረ ማርቆስ።

"እርስዎም?" አልኩት።

"እርስዎስ?"

የሚሠራው አንድ የቁጠባ ተቋም ውስጥ ነው። ከኛ ዩኒየን አስፋልቱን ተሻግሮ። መስኮቱ ከመስኮቴ ይታያል።

"ባለ አረንጓዴው መጋረጃ እርስዎ ነዎት?" አለኝ። "መብራት ሲጠፋ ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ የሚከፈተው?"

እኔ ነኝ። አምስት ዓመት ተያይተናል ማለት ነው። አንድ አስፋልት ለመሻገር ባሕር ዳር ድረስ መጣን... ሳቄ እስከ ምሳ አልቆመም።

ምሳ ላይ "እርስዎ" መባባሉ ቀረ። የሱ ሲስተም ጳጉሜን አያውቅም። ዓመት በመጣ ቁጥር የጳጉሜን የብድር ክፍያ ቀጠሮዎች በእጅ ይጻፋሉ፤ ሠራተኞቹ "ዘመንፈስ የረሳው ወር" ይሉታል። እኔ ይህን ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት ተቀምጬ ፈትቼዋለሁ። ሥራ ብዬም ቆጥሬው አላውቅም። የሶፍት ወረቀት ላይ ሣልኩለት። ሽሮው እስኪቀዘቅዝ አየው።

"ይኸን ያህል ቅርብ ሆነሽ" አለ።

ዛሬ ያቀረቡት ሁሉ ተሳክቶላቸዋል። ሁሉም ጋ ወደ ላይ የሚወጣ የግራፍ መስመር አለ። እኔም ጋ አለ። ነገ ተራዬ ነው። የኔ መስመር ውሸት አይደለም፤ የተመዘገበው ገበሬ ቁጥር ነው። ቀን ይመዝገብ፣ ገበያ ከተበተነ በኋላ ይመዝገብ አይናገርም እንጂ...

መጋቢት 13

አቀረብኩ። መስመሩንም አሳየሁ። ተጨበጨበ። አለቀ ስል አንዲት ባለ መነጽር ሴት እጇን አወጣች።

"መቅደላዊት እባላለሁ፣ ከወልዲያ። የመድኃኒት መጋዘን ሲስተም ነው የምሠራው። ጥያቄዬ አጭር ናት። በገበያ ቀን ማን ይከፍተዋል?"

ውሃ ጠጣሁ። ስለ ሥልጠና ላወራ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ማንም" አልኩ። "ሰዉ ከሄደ በኋላ ገልብጠው ያስገቡታል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።"

ከዚያ ከኋላ አንዱ "የኛንም ማንም አይከፍተውም" አለ። ሳቅ ሆነ። በኔ መስሎኝ ነበር... አልነበረም። ሻይ ሰዓት ላይ ከበቡኝ። የትናንቶቹ ባለ መስመሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ አንድ የማይከፈት ነገር አለው።

መቅደላዊት መጨረሻ መጣች።

"ማዳበሪያውን የሚወስደው ማን ነው?" አለችኝ።

"ገበሬው።"

"እያንዳንዱ ራሱ?"

አሰብኩ። አህያ ያለው ነው የሚመጣው። የጎረቤቶቹንም ደረሰኝ ሰብስቦ። ይህን ቁይ ስወጣ ስገባ አይቼዋለሁ... አይቼ ምን አደረግሁ?

"የኛም እንዲሁ ነበር" አለች። "አንድ መኪና የሰባት ጤና ኬላ መድኃኒት ይጭናል፤ እኔ ሰባት ገጽ አስሞላለሁ። ቅጹን ማን ይሞላል ብዬ ነበር የጠየቅሁት። ዕቃውን ማን ይሸከማል አላልኩም። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንቺ ሁለት ዓመት አትፍጂ።"

ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ።

መጋቢት 16

አቶ ታዲዮስ፦ "እህ፣ ምን አተረፍሽ?"

"ጥያቄ" አልኩ።

"ጥያቄማ እዚህም ሞልቶ ነበር" አሉ።

መጋቢት 20

ቁይ ሄድኩ። የመጋዘኑ ሠራተኛ አስማማው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

"አንድ ሰው የአምስት ሰው ሲወስድ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ታደርጋለህ?"

"አምስት ጊዜ እከፍታለሁ፣ አምስት ጊዜ እዘጋለሁ።"

"ሰልፈኛውስ?"

"ይሰድበኛል። አህያውም ይሰድበኛል። ስለዚህ በወረቀት እጽፋለሁ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ኮምፒውተር የሚፈልገው እንደዚያ ነው ብዬ ነዋ። 'አንድ ገበሬ፣ አንድ ገጽ' እያልሽ እንደ ፊደል ያስቆጠርሽን ማን ነው?"

እኔ ነኝ። ቆሎ ዘገነልኝ፤ ተቀበልኩ።

መጋቢት 25

እኔና ዘመንፈስቅዱስ ተሰብስበን ለመማከር ቀን ስንመርጥ ተቸገርን። በአሥራ ሁለት እኔ የሚካኤል ማኅበር አለብኝ። በሃያ አንድ እሱ የማርያም። በሃያ ሰባት ሁለታችንም። "ቅዱሳኑ ሠላሳውንም ይዘውታል" አለ፤ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። በየወሩ አንድ ሐሙስ ይሁን ተባባልን። ደንቡም እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ ነው፣ ተረኛው ግን ድግስ ሳይሆን ያልሠራለትን ይዞ ይመጣል። የተሳካለትን ብቻ ይዞ የመጣ ሻይ ይከፍላል።

ዛሬ ተራው የኔ ነበር። መቅደላዊትን በስልክ አስገባናት፤ ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፈን። አንድ ወሳጅ፣ ብዙ ባለቤት፣ አንድ ገጽ። የሣልኩትን ሁለቴ አፈረሱብኝ። ዘመንፈስቅዱስ ወሳጁ ደረሰኝ ቢጠፋበትስ አለ። እሷ ወሳጁ ቢክድስ አለች። ሦስተኛውን ማፍረስ አልቻሉም። እንዲህ ተከራክሬ አላውቅም... ከማን ጋር ልከራከር ኖሯል?

ሚያዝያ 11

ነገ ፋሲካ ነው። ሲስተሙ አልቋል። በጉ ገና አልተገዛም።

ግንቦት 9

ቁይ፤ የማከፋፈያው ቀን። አቶ ታዲዮስም መጡ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው።

የመጀመሪያው ሰው ሁለት አህያና አምስት ደረሰኝ ይዞ መጣ። አስማማው ወረቀቱን አላነሳም። አንድ ገጽ ከፈተ፣ አምስቱን ስም መታ፣ ዘጋ። "ቀጥል" አለ። ሰውዬው አላመነም፤ "አለቀ?" አለ። "ካልጠገብክ ተመለስና ተሰለፍ" አለው።

ረፋድ ላይ መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑ ቻለው። ከሰዓት አንድ የሞተ ሰው ስም መጣ። ወራሹን የማስገባበት ቦታ አልሠራሁም... እሱን ብቻ በወረቀት ጻፍን። ጉንደ ወይን ግማሹን ቀን ነው የሠራው፣ ሠራተኛዋ ገና አልለመደችውም።

ማታ ከአቶ ታዲዮስ ጋር በመኪና ተመለስን። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ "ወረቀቱ ይቅር" አሉ። ይኸው ነው የተናገሩት።

ለመቅደላዊት ደወልኩ። ገና ሃሎ ከማለቷ "ተከፈተ?" አለች።

ግንቦት 14

አቶ ታዲዮስ ቢሮዬ ድረስ መጡ። በመስከረም ጉባኤው ተመልሶ እንደሚካሄድ ሰምተዋል።

"ስኬታችንን ታቀርቢያለሽ" አሉ።

"የሲስተሙን የምርጥ ዘር ማከፋፈያ ክፍል ነው ይዤ የምሄደው።"

"ዘሩ ይሠራል እንዴ?"

"አይሠራም።"

"የማይሠራ ይዘሽ አዳራሽ ልትቆሚ?"

"የሚሠራውን ይዤ ብቆም ማን ምን ይመክረኛል አቶ ታዲዮስ?"

ቆም ብለው በመስኮቱ አዩ። ዘመንፈስቅዱስ ማዶ ሆኖ በእጁ ሰዓቱን ያሳየኛል፤ የዛሬው ሐሙስ የኛው ነው፣ ተረኛው እሱ።

"የምትሰበሰቡት ነገር..." አሉ። "ሥራ አስኪያጅ ይገባበታል?"

"ያልሠራለት ነገር ካለው ይገባል።"

በሩን ገፋ አድርገው ዘጉ።

"ሁለት አለኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በየትኛው ልጀምር?"