የእናቴ ሞት በጆሮ ማዳመጫ ስለ መታወጁ

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ መልካሙ፣
የአቀበት ሰፈር መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ ከእነሱም ቀጥሎ በአዳራሹ ጣሪያ በአራቱ ማዕዘን የተሰቀሉት የዕድራችን ድምፅ ማጉያዎች እንደምን ከርመዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለሁ። ብሞትም ለሰፈሩ መሰማቱን እርግጠኛ ስላልሆንኩ፣ አለመሞቴን በጽሑፍ ባሳውቅዎ ይሻላል ብዬ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሁሉም ሰው እንዲያየው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመዳፈር አስቤ አይደለም። በታሸገ ፖስታ ያስገባሁት ማመልከቻ ምን ዓይነት መልስ እንዳስገኘልኝ ወደ ኋላ እገልጻለሁ። ልመናዬ አንዲት ናት፤ መስከረም 24 ቀን ያረፈችው እናቴ፣ ወይዘሮ እታለም ኤርሳዶ፣ መሞቷ በዕድሩ ማጉያ፣ የሰው ጆሮ በሚሰማው ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ይነገርልኝ። እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህ ዕድር አባል ነበረች። በየለቅሶው ቤት ከድንኳኑ በፊት የምትደርስ፣ ውሃ የምትቀዳ፣ ቆጮ የምትጋግር እሷ ነበረች። እርስዎ ቤት ሐዘን በገባ ጊዜም ሦስት ቀን ሙሉ ወገቧን ታጥቃ መሥራቷን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ወይም እርስዎ በደብዳቤዎ እንደ ጠሩት «አስተያየቴን»፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዕድራችንን ስላዘመኑልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። እስከ አምና ድረስ የሰው ሞት የሚነግሩን አቶ ወንዳፈረው ነበሩ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጥሩምባቸውን ይዘው አቀበቱ ጫፍ ይወጡና፣ ነፍተው ሲያበቁ የሟቹን ስም በአማርኛም በሀዲይኛም ይጠሩ ነበር፤ ትውልዳቸው ወዲያ ሰሜን ቢሆንም መርዶውን ለእያንዳንዱ በቋንቋው ነበር የሚያደርሱት። እርስዎ ይህ ኋላ ቀርነት ነው ብለው ኮምፒውተር አስገዙ፤ አቶ ወንዳፈረውን ጋቢ አልብሰው አሰናበቱ፤ ጥሩምባውንም በደረሰኝ ተረክበው በኮምፒውተሩ ክፍል መደርደሪያ ላይ አኖሩት። አሁን ኮምፒውተሩን የሚያዘው የእህትዎ ልጅ አቤሴሎም ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ በኢንተርኔት ይገባና፣ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትእዛዙን በጽሑፍ ይሰጠዋል። ጸሐፊያችን አቶ ብዙነህ የሟቹን ስም በስልካቸው ቀድተው ይልኩለታል፤ አቤሴሎም ከዚያ ሆኖ ያጫውተዋል፤ እዚህ ሰው ይሰማል። ሆሳዕና የሞተ ሰው አዋጁ ከአዲስ አበባ ሲመጣለት ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትልቅ ክብር ነው።

በዚያው ሰሞን ጠቅላላ ጉባኤው በእርስዎ ሐሳብ አቅራቢነት ለደንባችን አንድ አንቀጽ ጨመረ፤ ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚነገር የሞት ወሬ ተቀባይነት የለውም። ምክንያቱ የታወቀ ነው። አቶ ነስሩ ሾኔ ገበያ ቆመው በርበሬ ሲያስመዝኑ፣ እዚህ በስልክ ወሬ ሞተዋል ተብሎ ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው ነበር። አንቀጹ ተገቢ ነው፤ አልቃወመውም። ከዚያ ወዲህ ግን በሰፈራችን ሳይታወጅ ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንደ ሟርተኛ ስለሚታይ፣ ማጉያው እስኪናገር ድረስ ማንም ከደጁ አይነቃነቅም።

ሁለተኛ፤ እንደሚያውቁት እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በመጣ በወሩ አንድ ገጽ ማሳሰቢያ ጽፌ ለጽሕፈት ቤቱ አስገብቼ ነበር። በኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ የሚያከፋፍል ፕሮግራም አለ፤ ሳውንድ ሰርቨር ይሉታል። ሥራው እንደ ሰርግ ቤት አስተናጋጅ ነው፤ የመጣውን ድምፅ ሁሉ አንተ ወዲህ፣ አንተ ወዲያ እያለ ወደ መውጫው ይመራል። አዲስ መውጫ ሲሰካበት፣ ለምሳሌ አቶ ብዙነህ ቀን ቀን መዝሙር የሚሰሙበት የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካበት፣ ማንንም ሳይጠይቅ ድምፁን ሁሉ ወደዚያ ሊያዞረው ይችላል። እንግዲህ ከማወጅ በፊት በጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ መስመር ጽፎ ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ፣ ሌላ አንድ መስመር ጽፎ ወደ ማጉያው መመለስ ነው፤ ሁለቱም ተደምረው ግማሽ ደቂቃ አይፈጁም። የይለፍ ቃሉ ይሰጠኝና እኔው በነጻ ልሥራው ብዬም ለምኜ ነበር። «ጉዳዩ በባለሙያ የተያዘ ስለሆነ አያስቡ» የሚል መልስ ደረሰኝ። አያስቡ ስላሉኝ ማሰቡን ትቻለሁ፤ ለሰጡኝ ዕረፍት አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ የዕለቱን ነገር ባጭሩ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል እናቴ አረፈች። ለአቶ ብዙነህ ደወልኩ። ስሟን ቀድተው ለአቤሴሎም እንደላኩለት፣ እሳቸው ግን ለገበያ ወደ ሾኔ መንገድ ላይ እንደሆኑ ነገሩኝ፤ እግዚአብሔር ያጽናህም አሉኝ፤ ደግ ሰው ናቸው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ማጉያው ዝም። አሥራ ሁለት ከሁለት፤ ዝም። እናቴን ለቤተ ዘመድ ትቼ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ አቶ ብዙነህ ኪስ ውስጥ ሆኖ ወደ ሾኔ እየሄደ ነው። በመስኮቱ ፍርግርግ ወደ ውስጥ ባይ ኮምፒውተሩ በርቷል፤ በጥቁሩ መስኮት ላይ የአቤሴሎም ትእዛዝ ይደረደራል፤ የጆሮ ማዳመጫው ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሏል። ጆሮዬን ከፍርግርጉ ላይ ለጠፍኩ። ከማዳመጫው ውስጥ የትንኝ ያህል የቀጠነ ድምፅ የእናቴን ስም ይጠራል። ሁለቴ በአማርኛ፣ አንዴ በሀዲይኛ ጠራት። ከእኔ በቀር የሰማ የለም፤ እኔ ደግሞ መሞቷን አውቅ ነበር።

ለአቤሴሎም ደወልኩ። የራሴ ተማሪ ነበር፣ ጨዋ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ እኔ ጋ እኮ እየሠራ ነው» አለኝ። ድምፁ መቶ በመቶ ነው፣ አልታፈነም፣ በመጫወት ላይ ነው ይላል አለኝ። የሚጽፈውን መስመር ቃል በቃል ነገርኩት፤ ስድስት ቃል አይሞላም። አጎቴ ሳያውቁ ምንም እንዳልነካ ታዝዣለሁ አለ። የእርስዎ ስልክ ጥሪ አይቀበልም ነበር። ልጁን በእናትህ ሞት እያልኩ ስለምነው መብራት ሄደ፤ ኮምፒውተሩም ጠፋ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ይህን ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። እጄን በፍርግርጉ አሾልኬ ብዘረጋም ኪቦርዱ ላይ ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ጎደለኝ፤ መብራት በሌለበት ብደርስበትስ ምን ላደርገው ነበር! በዕድሜዬ እንዲያ አቅም አጥቼ አላውቅም።

አቶ ወንዳፈረው ነገሩን ሰምተው በዚያችው ባለበሷቸው ጋቢ መጡ። ጥሩምባቸው ከመስታወቱ ወዲያ መደርደሪያው ላይ ይታያል። ትንሽ ቆመው አዩት። ከዚያ አቀበቱ ላይ ወጡና በባዶ ጉሮሯቸው ሁለት ጊዜ ተጣሩ፤ ሳል አቋረጣቸው፤ ድምፃቸውም ከሁለተኛው አጥር አላለፈ። የሰሙት ጥቂት ሰዎችም ደንብ አክባሪ ስለሆኑ፣ ማጉያው ተናግሯል ወይ ብለው ተጠያይቀው ወደ ቤታቸው ገቡ። በዘጠኝ ሰዓት ቀበርናት። መጋቢውንና ሣጥኑን የተሸከሙትን ጨምሮ አሥራ ሰባት ነበርን። ስንቱን የቀበረች እናቴ በአሥራ ሰባት ሰው ተቀበረች። ትሕትናዬን መልሼ እስክይዝ ድረስ አንድ መስመር እንድዘል ይፍቀዱልኝ።

አራተኛ፤ ጥቅምት 4 ቀን በፊርማዎና በክብ ማኅተም ተረጋግጦ የደረሰኝ መልስ እንዲህ ይላል፤ «የኮምፒውተሩ መዝገብ ሲታይ የወይዘሮ እታለም ኤርሳዶ ሞት ከጠዋቱ 12፡04 ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ፣ በመቶ በመቶ ድምፅ፣ ሳይታፈን ታውጇል። በደንቡ መሠረት አንድ ሞት የሚታወጀው አንድ ጊዜ በመሆኑ ዳግመኛ ለማወጅ እንቸገራለን።» በመዝገቡ እውነተኛነት አንዳች ጥርጣሬ የለኝም። ሳውንድ ሰርቨሩ አልዋሸም፤ ወዴት ላድርሰው ብሎ የሚጠይቀው ሰው ስላጣ ከተሰካለት ዘንድ አደረሰ። አዋጁን የአቶ ብዙነህ ወንበር በሚገባ ሰምቶታል፤ ለቅሶ ባለመድረሱም አልቀየምኩትም። እኔም እናቴ ሁለት ጊዜ ትሙትልኝ አላልኩም፤ አንዱን ሞቷን ሰው ይስማላት ነው ያልኩት። ለዚህ ደግሞ ዕድሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል፤ በማኅተም ስላሉት ግን አከብረዋለሁ።

አምስተኛ፤ ታውጇል ከተባለ ያልመጣ ሁሉ ጥፋተኛ ነውና፣ ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባላት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወጣ። የጽሕፈት ቤቱን ትጋት አደንቃለሁ። በዚህ የተነሣ ሰፈሩ አኩርፎኛል፤ ከስሶ ያስጻፈብን እሱ ነው ይሉኛል። ወሬው ለሁሉም ደርሷቸዋል፤ አዋጁ ስላልደረሳቸው ግን ሊያጽናኑኝም አይችሉም፤ ስንገናኝ መሬት መሬት እያዩ ያልፋሉ። አንዳንዱም መንገድ ይቀይራል። በነገራችን ላይ ማስጠንቀቂያው ለእኔም ደርሶኛል። ዕለቱን ስም ጥሪ ስላልተደረገ በእናቴ ቀብር ላይ መገኘቴን የሚያሳይ ማስረጃ በመዝገብ የለም። ፈርሜ ተቀብያለሁ።

ስድስተኛ ብዬ የምጽፈው ነበረኝ፤ ደከመኝ። አሁን የይለፍ ቃል አልጠይቅም፤ ስለ ትእዛዝ መስመርም ማንንም አላስተምርም። አቶ ብዙነህ አንድ ማለዳ ያንን የጆሮ ማዳመጫ ይንቀሉልኝና ያው የተቀዳው ድምፅ አንዴ ይለቀቅልኝ። ደንብ ይከለክላል ካሉ ጥሩምባውን ለግማሽ ሰዓት ለአቶ ወንዳፈረው ያውሱልኝ፤ በደረሰኝ ወስደን በደረሰኝ እንመልሳለን። ይህም አይሆንም ካሉኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሰው ሲሞትበት አቤት የሚለው ለዕድሩ ነው፤ ከዕድሩ ወዲያ የማውቀው ደጅ የለኝም።

ዘመንዎ የረዘመ፣ ስምዎ በሩቅ የተሰማ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የዕድርዎ አባል፣
ሚክያስ ሽብሩ

ግልባጭ፦
ለአቶ ብዙነህ፣ ጸሐፊ
ለአቶ ወንዳፈረው፣ በጡረታ

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፤ ትናንት መናኸሪያ ውስጥ የዱራሜ መኪና ሲጠብቁ አግኝቼዎት፣ እንደ ወትሮው በትሕትና እጄን ጨብጠው «እናትህስ ደህና ናቸው? ከጠፉ ሰነበቱ» ብለውኛል። የጨበጠኝ ያንን መልስ የፈረመው እጅ ነው። መርዶ ቆሞ አይነገርም፣ ያውም በሟች ልጅ አፍ፤ ረዳቱም ግቡ ግቡ እያለ ይጮህ ነበር። «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩዎት። «ሰላም በልልኝ» ብለውኝ መኪና ገቡ። ስመለስ በመቃብሩ በኩል ዞሬ ሰላምታዎን አድርሼላታለሁ።