የድልድይ ጠባቂዋ የወይዘሮ ባውክዬ ፌይንስትራ ፍርሃት

ታላቅ እህቴ ወይዘሮ ባውክዬ ፌይንስትራ ከአባታቸው ከድልድይ ጠባቂው ከአቶ ዳውወና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልትዬ በኔዘርላንድ፣ በፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር፣ ተርሄርነ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1952 ተወለዱ። በልጅነታቸው አባታቸው ጀልባ ለማሳለፍ ድልድዩን ወደ ላይ ሲያነሱ የጎረቤት ውሻ ተንሸራቶ ማጠፊያው ውስጥ ሲጨፈለቅ አዩ። ፍርሃቱ ከዚያ ወዲህ አልለቀቃቸውም፤ እኛ ወንድሞቻቸውም «ፈሪ ለእናቱ» እያልን እናሾፍባቸው ነበር።

ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1970 የአባታቸውን ሥራ ተረከቡ። ድልድዩን ለጀልባ ከማንሳታቸው በፊት ሁልጊዜ ወጥተው በእግራቸው ይፈትሹት ነበር። በ1976 አናጢውን አቶ ዊበ ሆፍማን አግብተው ዮሪትንና ሂንከን ወለዱ።

በ2005 ሥራው ከሩቅ በካሜራ እንዲሠራ ተደርጎ በየድልድዩ ዳር የነበሩት የጠባቂዎች ጎጆዎች ተዘጉ። እህቴም ከውኃው ርቆ በሚገኝ አዳራሽ፣ ጎን ለጎን በተያያዙ ስክሪኖች ፊት ተቀምጠው ሰባት ድልድዮችን በቁልፍ ማንሳትና ማውረድ ጀመሩ። አንዱ ስክሪን የድልድዩን አንድ ጫፍ፣ ቀጣዩ ሌላውን ያሳያል፤ መሐል ላይ ግን ሁለቱም የማያሳዩት ቦታ ነበር። አለቃቸው «ወይዘሮ ባውክዬ፣ ሁለት ክንድ እኮ ናት፤ ማን እዚያ ይቆማል?» ቢሏቸውም፣ ያቺ ሁለት ክንድ እንቅልፍ ነሳቻቸው። 

በጥቅምት 2011፣ በጭጋጋማ ጠዋት፣ ብስክሌት የምትገፋ ሴት ከግራው ስክሪን ወጣች፤ በቀኙ ግን አልታየችም። ኮምፒዩተሩ ድልድዩ ባዶ ነው ይላል። አሸዋ የጫነ ጀልባ እየቀረበ ነው። ካፒቴኑ በሬዲዮ «አንቺ ሴትዮ፣ ተኝተሻል? ጀልባ ፍሬን የለውም!» ብሎ ጮኸ።

«ሰው አለ!» አሉት።

«የታለ?»

«አይታየኝም! ለዚህ ነው የማላነሳው!»

ጀልባው የድልድዩን የእንጨት መከላከያ ሰባብሮ ቆመ። ሴትዮዋ መሐል ላይ ተንበርክካ፣ በወለሉ ስንጥቅ የተቀረቀረ ጎማዋን ስትጎትት ተገኘች። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እህቴ ግን «ስንት ጊዜ ሳላይ አንስቼው ይሆን?» እያሉ ከበፊቱ ይልቅ ፈሩ። ካሜራ ቢጨመርም አላመኑትም። በ2018 በእጃቸው ማንም ሳይጎዳ ጡረታ ወጡ።

ባለፈው ጥር ስትሮክ መታቸውና በግራ በኩል ማየት ተሳናቸው። በግራቸው የቆመ ሰው ድንገት ሲጠፋባቸው ስሙን እየጠሩ ይጮኹ ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁላችንም ከአልጋቸው በስተቀኝ ተጠጋግተን ቆምን። ሚያዝያ 9 ቀን 2024 ጠዋት አንድ በአንድ አዩንና «ሁላችሁም ተሻገራችሁ?» አሉ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ቢሆንም «ተሻግረናል፣ እትዬ። አሁን ያንሱት» አልኳቸው። በ72 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ወንድሞቻቸውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍርሃት በሌለበት ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።