እንግዳውን ጠይቀው ስለ ዘጉት የቤት ቁጥር 14 ጉዳይ

ለተከበሩ የአካባቢው ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

«በተጠቀሰው ቤት ተገኝተን ባደረግነው ማጣራት፣ በር የከፈቱልን ግለሰብ የባለቤቱ እንግዳ መሆናቸውን ስላረጋገጡልን ጉዳዩ ተዘግቷል።»

ክቡር ሆይ፣ ከላይ ያለው የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልነካሁም። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰመረ እንዲሆን እመኛለሁ፤ የእኛ ከተጓደለ ሰነባብቷል። ሌባውን «ሰርቀሃል?» ብሎ ጠይቆ፣ «አልሰረቅሁም» ሲለው አመስግኖ የሚመለስ ማጣሪያ በዕድሜዬ አይቼ ስለማላውቅ፣ ምስጋናዬን በጽሑፍ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

የቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸውን ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ማስታወስ የተሳናቸው አዛውንት ጎረቤቴ ናቸው። ሦስት ጎልማሶች «እናግዝዎት» ብለው ገቡ፤ አልወጡም።

አንደኛ፦ በቀደመው ማመልከቻዬ ያየሁትን በቀንና በሰዓት ዘርዝሬ ነበር። የበሩ ቁልፍ ተቀይሯል። መጋረጃው ቀንም አይገለጥም። የማናውቃቸው ሰዎች ይገቡና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይወጣሉ። አዛውንቱ የገዛ በራቸውን አንኳኩተው፣ ሲፈቀድላቸው ብቻ ይገባሉ፤ የሚተኙትም ማድ ቤት ወለል ላይ ነው። ይህን ሁሉ እንግዳ ተቀባይነት ብሎ ለመረዳት የተለየ ትምህርት ሳያስፈልግ አይቀርም፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም አላገኘሁትም።

ሁለተኛ፦ አዛውንቱን በአጥሩ በኩል ሳነጋግራቸው «ቀስ በል ልጄ፣ እንግዶቼ ይቆጣሉ» ብለውኛል። ይህንንም ጽፌያለሁ። መርማሪዎ ግን ባለቤቱን አላያቸውም። እንግዶቹ «ተኝተዋል» ሲሉት እንዳይቀሰቀሱ አዝኖ ተመለሰ። ርኅራኄው ልብ ይነካል።

ሦስተኛ፦ «ቃል የሚሰጥ ሰው አቤቱታውን አንብቦ ይፈርማል» በሚለው አሠራራችሁ መሠረት፣ መርማሪዎ ማመልከቻዬን ከነሙሉ ስሜና ከነቤት ቁጥሬ በር ለከፈተለት እንግዳ አስነብቦ አስፈርሞታል። በማግስቱ እንግዳው ደጄ ላይ ቆሞ በስሜ ጠራኝና «ጋሼ፣ የእጅ ጽሑፍዎ እንዴት ያምራል!» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሳቸው ራሴ ነኝ።

አራተኛውን ስጽፍ ምጸቱም ይጠፋብኛል። አዛውንቱን ካየናቸው ዛሬ አራተኛ ቀናችን ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሰው ይላኩ። የተላከው ሰው ሐኪም ይዞ ይሂድ፤ እንግዶቹን ትቶ እሳቸውን ከቤቱ አስወጥቶ ለብቻቸው ያነጋግር፤ ማን እንዳመለከተም ለማንም አይንገር። የተደረገውን የሚገልጽ መልስ እስከ ኅዳር 8 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ግልባጩ ለበላይ መሥሪያ ቤትዎ ደርሷል።

በማጣሪያዎ ጥልቀት የሚደነቀው፣ ከእርስዎ ይልቅ እንግዶቹ ስሙን በቃላቸው የያዙት፣ ትሑት አመልካችዎ
የቤት ቁጥር 15 ነዋሪ

ማስታወሻ፦ በቢሮዎ በር ላይ «ሳይፈቀድ መግባት በጥብቅ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አይቻለሁ፤ ሁለት ጠባቂዎችም ያስከብሩታል። ትርፍ ካለዎት፣ ሰሌዳውን ከአንዱ ጠባቂ ጋር ለአዛውንቱ በር ያውሱን።