የስማቸው ፊልም

ይድረስ መካነ ብርሃን፣ ለእናቴ።

እንደምን ከርመሻል እማ? ዓይንሽስ? ብርሃን ይወጋኛል ያልሽው ቀለል አለልሽ? ውርጩ ባቄላችንን እንደማረልን ሰምቼ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሳታስቸግሪ ራስሽ እንድታነቢው ፊደሉን አግዝፌ ጽፌልሻለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ከድምፄ ሁሉን ታውቂብኛለሽ።

ስለ ወንድሜ ስለ ስማቸው የጀመርኩት ፊልም ቀርቷል።

ዘጠኝ ዓመት በራዲዮ ዜና ሳነብ ትኮሪብኝ ነበር። አንቺ ለዓይንሽ ሕክምና ጎንደር መጥተሽ ቁስቋም እኔ ቤት በተኛሽበት ሳምንት፣ የእናንተ አካባቢ ወደ ሰላሙ ተመልሷል ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ቀን ወንድሜ በጥይት ቆስሎ በጎረቤታችን በእትዬ እናኑ አጥር ሥር ሞቶ መገኘቱን ተረዳን። ሥራዬን የለቀቅሁት ለዚያ ነው፤ ከአለቃዬ ተጣላሁ ያልኩሽ ውሸት ነበር። ካሜራ ይዤ የቁስቋምን ድንጋይ ጠራቢዎች ቀረጽኩ፤ ሰውም ወደደልኝ። እኔ ግን የምፈልገው ሌላ ፊልም ነበር። የወንድሜን የመጨረሻ ቀን ያየ ሰው በገዛ አፉ እንዲናገር።

ጥቅምት ላይ መጥቼ ስቀርጽ አያ አድማሴ ተኩሱን ከየት በኩል እንደሰማ ነገረኝ። ሌላው ሁሉ አላየሁም አለ። እትዬ እናኑን «ምነው ዝም ትያለሽ፣ ለልጄ ንገሪው እንጂ» ብለሽ ያግባባሻት አንቺው ነሽ። አንቺ ባለሽበት አልናገርም ብላ ቤቷ ወሰደችኝ። ተናገረች። ስትጨርስ፣ ለእናትህ ታሳያታለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ካሜራውን ዘጋሁት።

ጎንደር ፊልሙን ኤዲት የምታደርግልኝ ብርቱካን ሰምታው አለቀሰች። ቆይታ፣ ያለዚህ ፊልም የለም አለችኝ። እንግዲያው አይኑር አልኳት። ሁለት ዓመት አብረን ለፍተን በዚያው ተለያየን። ቅጂውን በእጄ አጠፋሁት። ካሜራውን ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም፤ የምነካውም አይመስለኝም።

እማ፣ እትዬ እናኑን እንደ ወትሮሽ ያዣት። ዓይንሽ ታስሮ ሳለ ውሃ የቀዳችልሽ፣ እህልሽን ያስፈጨችልሽ እሷ ናት። ስማቸው ከሞተ ወዲህ በሯን አትቀረቅርም፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂያት። አንድ ቀን ራሷ ልንገርሽ ብላ ከመጣች ግን ተቀምጠሽ ስሚያት። ያን ዕለት በዚያ ተኩስ መሃል ሦስት ልጆች ይዛ ብቻዋን ነበረች።

በአርባው ዕለት፣ በመጨረሻ ማንን ጠርቶ ይሆን ብለሽ ጠይቀሽኝ አላውቅም ብዬሽ ነበር። ያኔ እውነቴን ነው። አሁን ይህችን ብቻ ልንገርሽ። አንቺን ነው የጠራው። ደጋግሞ ጠርቶሻል። እንዴት አወቅህ አትበዪኝ።

ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ላንቺም ለዓይንሽ ብርሃን፣ ለጉልበትሽ ብርታት ይስጥልኝ። ለፋሲካ ያለ ካሜራ፣ ባዶ እጄን እመጣለሁ፤ አብረን እንቀመጣለን።

ታላቁ ልጅሽ