በባዶ ቅጽ ላይ

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ለአንደኛ ዓመቶች የጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር አስተማርኩ። አንዱ ከኋላ ያንኮራፋ ነበር... ይተኛ፣ ምን አገባኝ። ከክፍል ስወጣ ጸሐፊዬ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሦስት ባዶ ቅጽ፣ አንድ እስክሪብቶ። «ይፈርሙልኝ ፕሮፌሰር፣ እኔ በኋላ እሞላዋለሁ።» እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የምንሠራው።

ከረቡዕ ጀምሮ የሚዲያ ጉባኤው አለ። የሬዲዮ ሽልማቱ ዳኞች ሰብሳቢ እኔ ነኝ። የእኛ ሥራ ባለፈው ሳምንት አልቋል፤ አንደኛ የወጣችው የድሮ ተማሪዬ ናት። ክፍል ውስጥ ጉንዳን ነበር የምንላት፣ አንዴ ከነከሰች ስለማትለቅ። አንድ ቆዳ ፋብሪካ ዝቃጩን ወንዝ ውስጥ እንደሚደፋ አራት ወር ተከታትላ ሠራች። ከመቶ ዘጠና አራት! አለቃዋ ፕሮግራሟን ለመዝጋት ሰበብ እየፈለገ ነው። «ሽልማቱን ካገኘሁ ግን አይነኩኝም መምህር» ብላኛለች። ለዳኛ አይፈቀድም፣ አውቃለሁ። አላስቻለኝም... ደውዬ «ሐሙስ ጥሩ ልብስ ልበሺ» አልኳት። ሳቀች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11
አዳራሹ በረዶ ቤት ነው። በር ላይ ደረቴ ላይ ባጅ፣ ትከሻዬ ላይ ቦርሳ አንጠለጠሉብኝ። እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ ተናጋሪው ሁሉ «ይዘት፣ ይዘት፣ ይዘት»... ዜና የሚለውን ቃል አንድ ሰው እንኳ አላነሳም። ከዚያ ቦርሳውን ገልበጥ ሳደርገው ምን አየሁ? የፋብሪካውን አርማ! ያንኑ ቆዳ ፋብሪካ። ስፖንሰር ነው ለካ።

የጉባኤውን አዘጋጅ ፈልጌ ያዝኩት፣ ባለከረባቱን። «ስፖንሰርና ዳኝነት አይገናኙም ፕሮፌሰር። ደግሞስ ውጤቱን እርስዎ ፈርመውበት የለ?»

ፈርሜበታለሁ። ግን ስፈርም ስም አልነበረበትም... ባለፈው ዐርብ መኪናዬን ላስነሳ ስል የውጤት ቅጹን በመስኮት አቀበለኝ። «ስሙን አስተይበን እንሞላዋለን» አለ። ሌሎቹ ሁለት ዳኞችም እንዲሁ ነው የፈረሙት። ምን ሆኛለሁ? ሰው መጠርጠር አበዛሁ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ሽልማቱን ማን ቢወስደው ጥሩ ነው?

የጠዋቱ ቀልደኛ! ያ ሬዲዮ ላይ በአድማጭ ሲቀልድ የሚያረፍደው! ስድሳ አንድ የሰጠነው ሰውዬ! «በፕሮፌሰሩ የተመራው ዳኝነት፣ በሙሉ ድምፅ» አለች መድረክ መሪዋ። ከዚያ ቅጹን ስክሪኑ ላይ አወጡት። ከላይ የቀልደኛው ስም፣ ከታች የእኔ ፊርማ፣ አልጋ የሚያህል።

ጉንዳን ከፊቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። እናቷን ይዛ መጥታለች። «የኛስ መቼ ነው?» ስትላት ሰማሁ እናትየዋ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ምን እያደረግኩ ነበር? እያጨበጨብኩ! ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጄም አብሮ... ይቆረጥ ይሄ እጅ!

ዐርብ፣ ኅዳር 13
ጠዋት ባለከረባቱ ላይ ጮህኩበት። «ይህ ውጤት የእኛ አይደለም!»

«ፊርማው የማን ነው ታዲያ?» አለ፣ ፈገግ ብሎ። ዐይኑን በጨው አጥቦ! ለሁለተኛው ዳኛ ደወልኩ፣ ጡረታ ለወጣው የጋዜጣ አዘጋጅ። «ወንድሜ፣ አርፈህ ተቀመጥ። ያልፋል።» ሦስተኛዋ ዳኛ ስልኳን አላነሳችም።

ከሰዓት፣ መዝጊያው ላይ፣ እጄን አወጣሁ። የምጠይቅ መስሏቸው ማይክ ሰጡኝ። «ትናንት ያያችሁት ፊርማ የእኔ ነው፤ ውጤቱ ግን የእኔ አይደለም። ባዶ ቅጽ ላይ ነው የፈረምኩት» ስል ማይኩ ጠፋ። ቢጠፋስ? ሠላሳ ዓመት ያለ ማይክ ነው ያስተማርኩት! የጉንዳንን ነጥብ፣ የቀልደኛውን ነጥብ፣ የፋብሪካውን ነገር፣ አንድ በአንድ እየጮህኩ ተናገርኩ። ከሁለት መቶ ጋዜጠኛ እስክሪብቶ ያነሳ አንድ የለም።

ባለከረባቱ ብቻ ከመድረኩ ላይ ሆኖ «ሻይ ተዘጋጅቷል» አለ። ተነሥተው ወጡ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14
ጋዜጦቹን አገላበጥኩ። ሬዲዮውን ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ። ሁለት መቶ ጋዜጠኛ ፊት ነው የተናገርኩት እኮ። አንድ መስመር የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17
ፕሮግራሟን ዘጉት። ከሦስት ሰው ሰማሁ፣ ከእሷ ግን አይደለም። አሥር ጊዜ ደወልኩ፣ አታነሳም።

ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ ያለ ይቅርታ በስልክ አይጠየቅም። ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ያን ሁሉ የጮህከው ለእሷ ነው ወይስ ለራስህ?» ደሜ ፈላ። ምሳዬን ትቼ ወጣሁ።

እውነቷን ነው። በዚያ ላይ የሥነ ምግባር መምህር! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች፣ አሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18
ቤቷ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው እናቷ ናት። «ልጄ ተኝታለች» አለችኝ። ከጓዳ የጉንዳን ድምፅ ይሰማል፣ ስልክ ታወራለች። እናትየዋም እንደሰማሁ አውቃለች፣ ግን ዐይኗን አልሰበረችም። ምን ይባላል? «እሺ፣ ስትነሳ ሰላም በይልኝ» ብዬ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26
ዛሬ ራሷ ቢሮዬ መጣች። እንዴት አደሩ የለ፣ ምን የለ። «አቤቱታ ላስገባ ነው። ምስክርነትዎን ይጻፉልኝ።» ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

መሃል ላይ ጸሐፊዬ ሁለት ባዶ ቅጽ ይዛ ገባች። «መጀመሪያ ሙዪው» አልኳት።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካዎት?»

«ሙዪውና አምጪው!» አኩርፋ ወጣች። ጉንዳን ወረቀቱን ታያለች እንጂ እኔን አታይም።

ጨርሼ ልፈርም ስል «ይቆዩ» አለች። ከእጄ ስባ ወሰደችው። እያንዳንዷን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የእሷን ስንቱን ፈተና አርሜያለሁ... አራተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

«"ሳላውቅ ፈረምኩ" ብለዋል። ያውቁ ነበር እኮ መምህር። ስም እንደሌለበት በዐይንዎ አይተዋል።»

ፊቴ ጋለ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ... ምን ብዬ? ማን ላይ? ሰረዝኩት። «ባዶ መሆኑን እያየሁ፣ ለመጠየቅ ሰንፌ ፈረምኩ» ብዬ ጻፍኩ።

እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው።

«አሁን ይፈርሙ» አለች።