ሽፋኑ ላይ ያለችው ሴት

ጥቅምት 14፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህና በጣም ለተናደድኩብህ አባቴ፣

አባዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ፣ ከእኔ ንዴት በቀር፣ ደህና ነን።

ይህን በደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ ስናገር ስለምታቋርጠኝ ነው። ሐሙስ ዕለት አንተ ተናገርክ፣ ተናገርክ፣ ከዚያ «በቃ እንዳልኩሽ አድርጊ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ወረቀት አይዘጋም። መጀመሪያ እንደማላውቀው ሰው «እርስዎ» እያልኩ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። ጥቂት መስመር ሞክሬ ቀደድኩት። አንተን አንቱ ማለት አልመጣልኝም፤ ስለዚህ እንደ ልጅ ልቆጣህ ነው፣ ቻለው።

«አዋረድሽኝ» አልከኝ። ፕሮፌሰር ወዳጅህ የነገረህን ይዘህ ነው። እሱ በምረቃው ዕለት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲጎረጉር ነበር፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እማዬ አጠገብ ነበርኩ። እስቲ አሁን ከእኔ ስማ።

«ዩኒቨርሲቲው የጎልማሶችና የተከታታይ ትምህርት መጻሕፍትን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በአንድ ክፍል ሊያሰባስብ ነው፣ ክፍሉም በስሜ ሊጠራ ነው፣ ዕቃ ቤት ያሉትን ሥራዎቼን ስጧቸው» ብለህ የጻፍክልን ጊዜ እማዬ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ያልሰማ ጎረቤት የለም። የክፍሉ ኃላፊ ራሷ ፒክአፕ ይዛ መጣች፤ ቀጠን ያለች፣ ከንግግሯ ሳቋ የሚቀድም ሴት ናት። ካርቶኖቹን ስትከፍት ዓይኗን አላመነችም። የመማሪያ መጻሕፍቱ፣ የአስተማሪ መምሪያዎቹ፣ የግድግዳ ሥዕሎቹ፣ የሬዲዮ ትምህርቱ ካሴቶች፣ አንዱ እንኳ አልሻገተም። «እኛ ጋ ያለው እንኳ እንዲህ አልተያዘም» አለች። ማን እንደያዘው ታውቃለህ? ከሥራቸው ጡብ የደረደረችው፣ ክረምት በወጣ ቁጥር አውጥታ ፀሐይ የምታስመታቸው፣ ምስጥ ፈርታ መደርደሪያውን ናፍጣ የምትቀባው እማዬ ናት። ያ ጣሪያ ሲያፈስ እኛ ባልዲ ደቅነን ስንተኛ፣ ያንተ ካርቶኖች ላስቲክ ለብሰው ያድሩ ነበር። ውስጡ ከተጻፈው አንዲቷን ፊደል እንኳ ሳታውቅ ነው ይህን ሁሉ ያደረገችው።

የክፍሉ ምረቃ ዕለት እማዬ የክት ልብሷን ለበሰች። ደረጃውን እጄን ይዛ ወጣች። ክፍሉ ያምራል አባዬ፣ አልዋሽህም። አዲስ መደርደሪያ፣ ረጅም የንባብ ጠረጴዛ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት ግድግዳ። በሩ ፊት ለፊት ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፎቶ ተሰቅሏል። የፊደል መማሪያ መጽሐፍህ ሽፋን ነው። እማዬ ናት። ወጣት ሆና፣ ሻሿን አስራ፣ መጽሐፍ ዘርግታ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ። ከሥሩ አንተ በላክህላቸው ቃል «አንዲት ተማሪ ከስድስት ወር ትምህርት በኋላ» ይላል።

እማዬ ቆማ አየችውና «ከሥሬ ምን ተጽፏል?» አለችኝ።

«የታተመበት ዘመን ነው» አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ?

ያ ፎቶ ሲነሳ እኔ እዚያው ነበርኩ። ልጅ ናት፣ አታስታውስም ብለህ ይሆናል። ትነሳለች የተባለችው ተማሪ ሳትመጣ ቀረች፤ ፎቶ አንሺው ሰዓቴ ሄደ ብሎ ይነጫነጫል። እማዬን ከወጥ ቤት ጠራሃት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። መጽሐፉን አስያዝካት፣ ጣቷን ይዘህ መስመሩ ላይ አስቀመጥክላት። ፎቶ አንሺው «ታንብብ እንጂ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ» ሲልህ፣ ሳቅህና «አታውቅም ባክህ፤ ዝም ብላ ታነብንብ» አልከው። እማዬም አብራችሁ ሳቀች። እናቴ ማንበብ እንደማትችል ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ከሳቃችሁ።

እንግዳው ከሄደ በኋላ «ለእኔስ መቼ ነው የምታስተምረኝ?» አለችህ። «ይሄ ሥልጠና ይለፍና» አልካት። ቃል ገባህላት። ሥልጠናው አለፈ። ከዚያ መጽሐፉ ይታተም አልክ፣ ከዚያ የመስክ ጉብኝቱ ይለቅ አልክ፣ ከዚያ ደግሞ ሻንጣህን ይዘህ ውጭ አገር ሄድክ። አገር ምድሩን ስታስተምር የኖርክ ሰው፣ አንድ ጣሪያ ሥር ለምታድር ሴት ጊዜ አጣህ። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ እኔ ላስተምርሽ አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አባትሽ ቃል ገብቶልኛል። ካንቺ ብማር ቅር ይለዋል።» አየህ? አንተን ቅር እንዳይልህ!

በአንተ ቦታ እንዳነበው ወደ ላክኸው ንግግር ልምጣ። የደረሰኝ በምረቃው ዕለት ጠዋት ነው። ሳላነበው መድረክ ላይ ወጣሁ፤ አባቴ የጻፈው ነው ብዬ። «የመጀመሪያዋ ተማሪዬ ባለቤቴ ናት። በዚህ መጽሐፍ ፊደል ለይታ፣ እነሆ ዛሬ ደብዳቤዎቼን ራሷ ታነባለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሰው ሁሉ ወደ እማዬ ዞረ። እሷ የት እንደምትገባ ጨንቋት እጇን እያፍተለተለች ታየኛለች። የቀረውን ማን ያንብበው? ወረቀቱን አጥፌ ወረድኩ። «ንግግርህን ቆረጠችው» ብለው የነገሩህ ይሄንን ነው።

የዩኒቨርሲቲው ዲን ደግ ሰው ነው፤ እሱ ላይ ጥፋት የለም። ትልቁን የእንግዳ መዝገብ ይዞ መጣና እማዬ ጭን ላይ ዘረጋላት። «እማማ፣ የመጀመሪያዋን ቃል እርስዎ ይጻፉልን» ብሎ እስክሪብቶ ሰጣት።

«መነጽሬን ረስቼ መጥቼ ነው ልጄ» አለች። እማዬ መነጽር ኖሯት አያውቅም። ባንክ ቤትም፣ ሐኪም ቤትም፣ ትምህርት ቤታችን የወላጅ ስብሰባ ላይም መነጽሯን ትረሳለች።

ዲኑ የራሱን አወለቀ። «ይኸው፣ ዓይናችን አንድ ሳይሆን አይቀርም» ሲል ሰው ሳቀ። ተቀብላ አደረገችው። አባዬ፣ እናቴ የሰው መነጽር አድርጋ ባዶ ወረቀት ላይ አጎንብሳ ሳያት ያን ጊዜ አጠገቤ ብትኖር ምን እንደምልህ አላውቅም። ልነጥቃት ከወንበሬ ስነሳ ቀደመችኝ። መነጽሩን አወለቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችና መለሰችለት።

«መነጽሩ አይደለም ልጄ። አልተማርኩም» አለችው።

ዲኑ የቀለደች መሰለው። «እንዴ! ፎቶው ላይ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። መጽሐፉን ያዢ አለኝ፣ ያዝኩ።»

አልጮኸችም። ግን ክፍሉ ውስጥ ያልሰማት አልነበረም። ይኸው ነው አባዬ፤ ከዚህ ሌላ የተደረገ ነገር የለም። ማንም አላስጠናትም፤ እኔም አልመከርኳትም። አንተን ልታዋርድ አይደለም የተናገረችው። ጭንቅ ሲሆንባት፣ መዋሸት ሰለቻት።

ስንወጣ የበሩ ዘበኛ ከወንበሩ ተነሳ። ዕድሜው ካንተ ብዙም አያንስም። «ይቅርታ እናቴ፣ ያ ፎቶ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አላት። እማዬ ሊስቅባት መስሏት ልታልፈው እግሯን አነሳች። እሱ ቀጠለ። «እኔ በዚያ መጽሐፍ ነው የተማርኩት፣ ያውም ጎልማሳ ሆኜ። ክፍል መግባት እያፈርኩ ከበር ስመለስ ስመለስ፣ ሽፋኑን አየሁና ይቺ ሴትዮ ከቻለች እኔ ምን ሆንኩ ብዬ ነው የገባሁት።»

«እኔ እኮ አላነበብኩም ነበር ልጄ። ከንፈሬን ነው ያንቀሳቀስኩት» አለችው።

«እኔ ግን አነበብኩ» አለ።

ስለዚህ ስለ መጽሐፍህ ክፉ አይወጣኝም። ሰው አስተምሯል። እንዲያውም ይበልጥ የሚያንጨረጭረኝ ይሄ ነው። ማስተማር የማትችል ሰው ብትሆን ይገባኝ ነበር።

አሁን ወደ ሐሙሱ ስልክ። «እናትሽ አርጅታለች፣ አንዳንድ ነገር ይጠፋባታል ብለሽ ለዲኑ ሁለት መስመር ጻፊ፤ ያልቃል» አልከኝ። ዲኑ ከቤተሰብ ማብራሪያ ካገኘ የስም ሰሌዳህ ይሰቀላል፣ ካላገኘ ጉዳዩ ይቆያል እንዳለህ ነገርከኝ። አባዬ፣ ይህን ስትል ድምፅህ እንኳ ትንሽ አልተንቀጠቀጠም። እማዬ ትረሳለች? ቃል የገባህላት ቀን የለበስከውን ሸሚዝ ሳይቀር የምታስታውስ ሴት ናት! አለመርሳቷ ነው የጎዳት። አንዴ ሳታነብ አነበበች አልክ፤ ዛሬ ደግሞ ጤነኛዋን ጃጀች በይልኝ ትለኛለህ። አልጽፍም። ለዲኑም፣ ለፕሮፌሰሩም፣ ለማንም። ሰሌዳህ በካኪ ወረቀት እንደተጠቀለለ የክፍሉ ኃላፊ በር ጀርባ ተደግፎ አይቼዋለሁ። በእኔ በኩል እዚያው ይደገፍ።

እንዴት አየሽው ካልከኝ፣ እማዬ ራሷ ውሰጅኝ ብላኝ በነጋታው ተመልሰን ሄደን ነው። እኔ የረሳችው ዕቃ ያለ መስሎኝ ነበር። ኃላፊዋ ስታየን ደነገጠች፤ ልንጣላት የመጣን መስሏት ይቅርታ ልትጠይቅ ጀመረች። እማዬ አላስጨረሰቻትም። «ከፎቶው ሥር የተጻፈውን አንብቢልኝ» አለቻት። ወደ እኔ ዞር ብላ አላየችኝም እንኳ። ኃላፊዋ አነበበችላት።

«እሱን አንሺና ስሜን ጻፊበት» አለች እማዬ። «ስም እያለኝ አንዲት ተማሪ ምንድነው?»

ኃላፊዋ ወዲያው ነቀለችው፤ ስሟን በትልቁ ጽፋ እዚያው ለጠፈች። ከዚያ እማዬ እዚያ ክፍል ውስጥ ከሥራ መልስ የሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት እንደ እሷ ያለውን ሰው ይቀበል እንደሆነ ጠየቀች። ኃላፊዋ «በደስታ!» ብላ ያንተን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረደችላት።

«ይሄን አልፈልግም። ሌላ የለም?»

«ሞልቷል እማማ» አለች ኃላፊዋ፣ ሳቋን ለመያዝ እየታገለች። ጠረጴዛው ላይ ደረደረችላት። እማዬ አንድ በአንድ ሽፋናቸውን አየች፣ ገለበጠች፣ በመጨረሻ ፍየል ያለበትን መረጠች። ታውቀዋለህ፤ ያ ስትነቅፈው የኖርከው፣ ደራሲውን «የፍየሉ ሰውዬ» የምትለው። ለምን መረጥሽው ብላት «ቢያንስ ፍየሏ ታነባለች አላሉም» አለችኝ። ኃላፊዋ ያን ጊዜ ሳቋን ለቀቀችው፤ እኔም አልቻልኩም። ሦስታችንም እዚያ ስምህን በሚጠብቀው ክፍል ውስጥ እስኪያመን ሳቅን። ይህንንም ፕሮፌሰሩ ከነገረህ እውነቱን ነው።

ጀምራለች። ተማሪዎቹ አንድ የሊስትሮ ዕቃ ሻጭ፣ ሁለት የጽዳት ሠራተኞችና አንዲት ልብስ ሰፊ ናቸው። ከልብስ ሰፊዋ ጋ ተጣልታለች፤ ከእኔ ትገለብጣለች ትላለች። ቤት ስትገባ እራት እስክናቀርብ ድረስ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ትቀመጣለች። ልርዳሽ ስላት ተቆጣችኝ።

አባዬ፣ አሁንም አባቴ ነህ። ብትመለስ ደስ አይለኝም ማለቴ አይደለም። ና፣ ቤትህ ነው። ግን ስትመጣ የሰው ፊት ሳይሆን መጀመሪያ የእሷን ፊት እይ። ሰሌዳውን አታንሳባት፣ ንግግሩን አታንሳባት። ይቅርታ ማለት ካቃተህም ዝም በል፤ ዝም ማለት ከአሁኑ የተሻለ ነው።

ደብዳቤ ስጽፍልህ ገና ከልጅነቴ ጀምሮ መጨረሻው የእሷ ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ «ናፍቀኸኛል በይው፣ ሲበርድ ይደርብ በይው፣ ምግብ ይብላ በይው» ትለኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። በልጅ እጅ የተጻፈ የሚስትህን ናፍቆት ስታነብ የኖርክ ሰው ነህ። ዛሬም እንደ ልማዴ እስክሪብቶዬን ይዤ «እማዬ፣ ካንቺ ምን ልበለው?» አልኳት።

ከደብተሯ ቀና አለች።

«ከእኔ ምንም አትጻፊ» አለች። «የምለው ሲኖረኝ ራሴ እጽፍለታለሁ።»

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ከዚያ ላይ ትንሽ እፍረት ይጨምርልህ።

ተናድዳም የምትወድህ
ልጅህ